ስኳር ሲወርድ፦ ለስኳር ታማሚ ስኳር የሚሰጥበት ሰዓት

ለቅሶ ቤት ነው። አክስቴ ጠዋት ኢንሱሊኗን ተወግታ «እዚያው እቀምሳለሁ» አለችና ቁርስ ሳትበላ ወጣች። ለቀስተኛው በዛ፤ ምግቡ ዘገየ። ረፋዱ ላይ ፊቷ ላብ በላብ ሆነ። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲጠይቋት የማይገናኝ ነገር ትመልሳለች። አንዷ ጎረቤት «ሐዘኑ ነው» አለች። ሌላዋ «ግፊቷ ወርዶ ነው» ብላ ቡና በጨው ልታጠጣት ተነሣች። አንዲት ወጣት «ኧረ ስኳር እንስጣት» ስትል ቤቱ ሁሉ ጮኸባት። «ስኳር በሽተኛ እኮ ናት! ልትገያት ነው?»

ያቺ ወጣት ትክክል ነበረች። በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ግድ ብላ አጠጣቻት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አክስቴ ቀና ብላ «ምን ሆኜ ነው?» አለች።

ስለ ስኳር መጨመር ብዙ ሰምተናል። ዓይን ይጎዳል፣ ኩላሊት ያደክማል፣ እግር ያቆስላል። እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ጉዳት ዓመታት የሚወስድ ነው። ስኳር ሲወርድ ግን ደህና የነበረ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህኛው የምናወራው በጣም ትንሽ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ እያንዳንዳችን ጓዳ ውስጥ አለ።

ስኳር ወረደ ማለት ምን ማለት ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይቀየራል። በደም ተጭኖ ወደ መላ ሰውነት ይሄዳል። ኢንሱሊን የሰውነት ክፍሎችን በር ከፍቶ ይህን ስኳር ያስገባል። የተረፈው ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ጉበትን እንደ ጎተራ አስቡት። ምግብ ሲዘገይ ሰውነት ጎተራውን ከፍቶ ስኳር ወደ ደም ይለቃል።

አንጎል ግን የራሱ ጎተራ የለውም ማለት ይቻላል። የዕለቱን በዕለቱ እየሸመተ እንደሚኖር ቤት ነው። ከሰውነታችን ክብደት ሃምሳ እጅ አንዱን ቢያህል ነው፤ ግን ሰውነት ከሚጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲያልቅ መጀመሪያ የሚራበው አንጎል ነው።

ጤነኛ ሰው ላይ ስኳር መውረድ ሲጀምር ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል፤ ጎተራውም ይከፈታል። የተወጋ ኢንሱሊን ግን አንዴ ከገባ ገባ ነው። ስኳሩ ቢያልቅም እሱ ሥራውን ይቀጥላል፤ ተመለስ ቢሉት አይሰማም። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። በአገራችን የስኳር መለኪያ ማሽን የሚያሳየው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል፤ ወዲያው መታከም አለበት። ከ54 በታች ከሆነ አደገኛ ነው፤ አንጎል በቂ እያገኘ አይደለም። ራሱን መርዳት ያቃተው፣ የሌላ ሰው እጅ የሚያስፈልገው ታማሚ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ከባድ ደረጃ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን የተላከ ማሽን ቁጥሩን በሌላ መስፈሪያ ያሳያል። እዚያ 3.9 ማለት እኛ ጋ 70 ማለት ነው። የእነሱን ቁጥር በ18 ስታባዙት ወደ እኛው ይመጣል። ማሽኑ ላይ «5» አይተው የደነገጡ ሰዎች አውቃለሁ። 5 ደህና ነው፤ 90 ማለት ነው።

ሰውነት እንዴት ያስታውቃል?

በሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ሰውነት ራሱ ደወል ይደውላል። አድሬናሊን የሚባለው ቅመም ይለቀቃል። ላብ ያጠምቃል። እጅ ይንቀጠቀጣል። ልብ ይመታል። ድንገተኛ ረሃብ ይመጣል። ከንፈር ይደነዝዛል ወይም ውርር ይላል። ይህ ዙር ደስ አይልም፤ ግን ወዳጅ ነው። ጊዜ ይሰጣል።

ያኔ ካልተደረሰለት ሁለተኛው ዙር ይመጣል። አሁን የሚናገረው የተራበ አንጎል ነው። ሰውየው ይደናገራል። ምላሱ ይተሳሰራል። ዓይኑ ይጭበረበራል። ይንገዳገዳል። መንገድ ላይ ያየው «ጠጥቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ ካለፈ ሰውነት ይንፈራገጣል፤ ራስ ይሳታል። የሚጥል በሽታ የሚመስላቸው አሉ፤ ቡዳ ነው የሚሉም አሉ። ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል። የክብሪት ጭስ ስኳር አይሆንም፤ ውድ ደቂቃ ይበላል እንጂ።

ቤተሰብ በደንብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምልክት አለ፤ ቁጣ። ትሑት የነበረ ሰው ድንገት ይነጫነጫል። ስኳር ሲሰጡት «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ!» ብሎ ብርጭቆውን ይገፋል። አትቀየሙት። አንጎሉ ስለተራበ የሚያደርገውን አያውቅም። ታግሣችሁ፣ አባብላችሁ አጠጡት።

ግፊት ይሁን ስኳር እንዴት ይለያል? ማሽን ካለ ለኩ። ማሽን ከሌለና ሰውየው ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ከሆነ እንደ ስኳር መውረድ ቁጠሩትና ስኳር ስጡት። ተሳስታችሁ ቢሆን እንኳ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ለጊዜው መጠኑን ከፍ ያደርግ ይሆናል፤ አይገድልም። ወርዶ እያለ መከልከል ግን ሊገድል ይችላል።

ማን ላይ ነው የሚከሰተው?

በዋናነት ኢንሱሊን የሚወጉ ላይ ነው። ቀጥሎ ግሊበንክላሚድ የሚባለውን ክኒን የሚወስዱ ናቸው። ይህ ክኒን ቆሽትን እያስገደደ ኢንሱሊን ያስመነጫል፤ የተበላ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ሰውነት ውስጥም ይቆያል። በተለይ አረጋውያንና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ያወረደው ስኳር ከታከመ በኋላ ከሰዓታት ቆይታ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ አይደለም የሚለው ለዚህ ነው። እናትና አባታችሁ ይህን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ራሳችሁ አታስቁሙ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ጠይቁ። ሜትፎርሚን የሚባለው ሌላው የስኳር ክኒን ግን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

የስኳር ሕመም የሌለበትም ሰው ላይ ይደርሳል። ከባድ ወባ፣ በተለይ ኩዊኒን በሚባለው የወባ መድኃኒት ሲታከም፣ ስኳር ያወርዳል። ክፉኛ የተጎዳ ጉበት፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና፣ ከባድ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃንም እንዲሁ። ስኳር ታማሚ ሳትሆኑ ይህ ከተደጋገመባችሁ ምክንያቱ በምርመራ መገኘት አለበት። ይህ ጽሑፍ ግን የስኳር ሕመም ላለባቸው ነው።

ምንድን ነው የሚያወርደው?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በመርፌና በማዕድ መካከል ያለው ሰዓት ነው። እንደ ውሃ የጠራው ኢንሱሊን፣ ሬጉላር የሚባለው፣ ከተወጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ሥራ ይጀምራል። ከተወጋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ምግቡ ተሠርቶ፣ ቀርቦ፣ የሚበላበት ሰዓት ታውቆ ነው የሚወጉት። ተወግቶ ታክሲ ሰልፍ መያዝ አደጋ ነው። ተወግቶ «እንግዳው ይምጣና አብረን እንበላለን» ማለትም አደጋ ነው። እኛ አገር ብቻን መብላት ነውር ይመስላል። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ግን እንግዳ አይጠብቅም። ይህን እንግዳውም ሊረዳው ይገባል።

ድፍርሱ ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች፣ ጠባዩ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ይነሣና ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት በኋላ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ሰው ላይ ጉልበቱ የሚታየው ከቀትር እስከ ማምሻው ነው። ምሳ ካለፈ ያን ጊዜ ይይዘዋል። ማታ የተወጋው ደግሞ እኩለ ሌሊት አልፎ ይበረታል። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚሸጡበት፣ 70/30 የሚባለው፣ የሁለቱንም ጠባይ ይዟል። ስለዚህ የእናንተ ኢንሱሊን የትኛው እንደሆነና በስንት ሰዓቱ እንደሚበረታ ማወቅ ግዴታ ነው። ነርሷን ጠይቁና በካርዳችሁ ላይ ጻፉት።

ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር ሲሪንጅ ነው። አሁን በብዛት ያለው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ነው። ለ40 ዩኒት ኢንሱሊን የተሠራ ሲሪንጅ ግን አሁንም አንዳንድ ቦታ ይገኛል። የ100ውን ኢንሱሊን በ40ው ሲሪንጅ ከቀዳችሁ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ትወስዳላችሁ። 20 ነው ብላችሁ 50 ተወጋችሁ ማለት ነው። ሲሪንጅ በተቀየረ ቁጥር፣ ወይም ከውጭ በተላከላችሁ ጊዜ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከብልቃጡ ቁጥር ጋር መግጠሙን እዩ።

የመውጊያው ቦታም ያሳስታል። አንድ ቦታ ላይ ሲወጉ የኖሩ ሰዎች ቆዳቸው ሥር እብጠት ይሠራል። ኢንሱሊኑ እዚያ ውስጥ እየተያዘ በደንብ ስለማይሰራጭ መጠኑ ይጨመርላቸዋል። አንድ ቀን ወደ ጤነኛ ቦታ ሲቀይሩ ያው መጠን በሙሉ ጉልበቱ ይገባና ስኳሩን ቁልቁል ይጥለዋል።

አልኮልም አለ። ጠላም ይሁን፣ አረቄም ይሁን፣ ቢራም ይሁን፣ ጉበትን ሥራ ያስፈታዋል። አዲስ ስኳር እየሠራ ወደ ደም የሚልከው ጉበት አልኮሉን በማጣራት ይያዛል። ውጤቱ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነው። ያየው ሁሉ «ሰክሮ ተኝቷል» ስለሚል ማንም አይቀሰቅሰውም። ሥራ የበዛበት ቀንም ስኳር ያወርዳል። ሲያርሱ፣ ዕቃ ሲያወጡና ሲያወርዱ የዋሉ ሰዎች ስኳራቸው እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊወርድ ይችላል።

ሲወርድብኝ ምን ላድርግ?

ሕጉ 15 በ15 ነው። 15 ግራም ፈጣን ስኳር ውሰዱ። 15 ደቂቃ ጠብቁ። እንደገና ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት።

15 ግራም ስንት ነው? አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ጠጡ። ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ወይም 300 ሚሊ ሊትር ከምትይዘው የለስላሳ ጠርሙስ ግማሹ። ወይም ግማሽ ብርጭቆ የፍራፍሬ ጭማቂ። ወይም ሁለት ሦስት ቴምር። ስኳር የሌለው፣ «ዜሮ» ወይም «ዳይት» የሚባለው ለስላሳ እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም። ሻይ ውስጥ መጨመርም ይቻላል፤ ግን ትኩስ ሻይ ቶሎ አይጠጣም። ቀዝቃዛ ውሃ ይሻላል።

ቸኮሌት፣ ኬክ፣ ወተት ስብ ስላላቸው ይዘገያሉ። ቆሎ ደግሞ ኪስ ውስጥ ለመያዝ ይመቻል፤ ግን ተፈጭቶ ደም እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በኪሳችሁ ከረሜላም ይኑር። የቆሎው ተራ በኋላ ነው። ስኳሩ ከ70 በላይ ሲመለስ፣ የምግብ ሰዓት ገና ከሆነ፣ ትንሽ ቆሎ፣ ቁራሽ ዳቦ ወይም አንድ ብርጭቆ በሶ ውሰዱ። አለዚያ ፈጣኑ ስኳር ሲያልቅ ተመልሶ ይወርዳል።

15 ደቂቃ መጠበቅ ከባድ ነው። ረሃቡ «ያለውን ሁሉ ብላ» ይላል። ብዙ ሰው ያኔ ግማሽ ዳቦ በማር ይበላና ከአንድ ሰዓት በኋላ 300 ያነባል። ያንን ለማውረድ ደግሞ ከልክ በላይ ይወጋል፤ እንደገና ይወርዳል። ዥዋዥዌ ነው። ልካችሁን ወስዳችሁ ሰዓት እያያችሁ ጠብቁ።

ራሱን ከሳተስ?

ምንም ነገር በአፉ አታፍስሱ። መዋጥ ስለማይችል ሳንባው ውስጥ ይገባና ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙት። ከተንፈራገጠ አጥብቃችሁ አትያዙት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ። ኢንሱሊንም በፍጹም አትውጉት። «ሳይወጋ ቀርቶ ይሆናል» ብለው የሚወጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ያ የመጨረሻው ስህተት ነው።

ወዲያው ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሱት። በደም ሥር ግሉኮስ ሲሰጡት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997 ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ግሉካጎን የሚባለውን ጠይቁ። ጉበትን «ጎተራህን ክፈት» የሚል መድኃኒት ነው፤ በመርፌ ወይም በአፍንጫ ይሰጣል። ራሱን ለሳተው ሰው የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው፤ ስለዚህ አብረዋችሁ የሚኖሩት አሰጣጡን ይማሩ። አልኮል ከጠጣ ሰው ላይ ግን ብዙ ላይሠራ ይችላል፤ አምቡላንሱን መጥራት አይቀርም።

ጾምስ?

ይህን ጥያቄ በቸልታ ማለፍ አይቻልም። ለብዙዎቻችን ጾም ሕይወት ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፣ በረመዳን ከንጋት እስከ ምሽት የሚጾም ታማሚ ብዙ ነው።

ትልቁ አደጋ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሳይለወጥ ምግቡ ብቻ ሲለወጥ ነው። ጠዋት እንደወትሮው ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ማለት ኤንፒኤች የሚበረታው ሆዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ጸበል ቦታ ተወግቶ፣ ምንም ሳይቀምስ ሰልፍ ላይ የሚቆምም እንዲሁ ነው። «እንግዲያውስ ኢንሱሊኑን ልተወው» ማለት ደግሞ ሌላ ገደል ነው። በተለይ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደሙ አሲድ ሆኖ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ወር ቀድማችሁ ክሊኒክ ሂዱ። ሐኪሙ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ወይም «ለአንተ ይህ ጾም አይሆንም» ይላል። ክርስቲያን ከሆናችሁ ለንስሐ አባታችሁ ሕመማችሁን በግልጽ ንገሩ። ሙስሊም ከሆናችሁም ቁርኣን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንደሰጠ ታውቃላችሁ። በጾም ላይ ሳላችሁ ስኳራችሁ ከ70 በታች ከወረደ፣ ለማፍጠሪያ አሥር ደቂቃ ቢቀር እንኳ፣ ወዲያው አፍጥሩ።

ሌሊት ተኝቼ ቢወርድብኝስ?

አንሶላው በላብ ርሶ ከነቃችሁ፣ ቅዠት ከበዛባችሁ፣ ጠዋት ራስ ምታትና ድካም ካለ ሌሊት ወርዶ ሊሆን ይችላል። በተከታታይ ሁለት ሦስት ቀን ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነሥታችሁ ለኩ። ስትሪፕ፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካው መለኪያ ወረቀት፣ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከቁርስ በፊት ከሚለኩ አሥር ቀኖች ይልቅ እነዚህ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ለሐኪሙ ብዙ ይነግሩታል። አልጋው አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት፣ የተበጠበጠ ሳይሆን ደረቅ ስኳር በዕቃና ውሃ ይቀመጥ።

ምልክቱ ጠፍቶብኛል፤ ደህና ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። በጣም የሚያሳስበው ይህ ነው። ስኳር ቶሎ ቶሎ የሚወርድበት ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል። ደወሉ ዝም ይላል። ላብና መንቀጥቀጥ ሳይመጣ በቀጥታ መደናገር ይመጣል። ፕሮፕራኖሎል የመሰሉ የልብና የግፊት መድኃኒቶችም መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይሸፍናሉ፤ ላቡ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ደስ የሚለው፣ ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ ጭራሽ እንዳይወርድ ከተጠበቀ ደወሉ ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል። ለዚህ ሐኪሙ ለጊዜው ግቡን ከፍ ያደርግላችኋል።

መኪና የምትነዱ፣ በተለይ ውጭ አገር ታክሲና ጭነት የምትሠሩ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ለኩ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቅመሱ። መንገድ ላይ ከወረደ ዳር ይዛችሁ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ስኳር ውሰዱ። የእንግሊዝ መመሪያ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላም 45 ደቂቃ ጠብቁ ይላል፤ አንጎል ከደም ዘግይቶ ነው የሚያገግመው።

ከወረደብኝ በኋላ ቀጣዩን መርፌ ልተወው?

ፍርሃቱ ይገባኛል። አንዴ ራሱን የሳተ ሰው መርፌውን እንደ ጠላት ያያል። ብዙዎች በዝምታ መጠኑን ይቀንሳሉ፤ ስኳራቸውን 250 ላይ ያኖራሉ። ያ ደግሞ ዓይንና ኩላሊታቸውን ይበላል። መርፌውን አትዝለሉ። ይልቅ ጻፉት፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ ምን በልታችሁ እንደነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ከወረደ፣ ወይም አንድ ጊዜ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። መጠኑ መቀነስ አለበት ማለት ነው። ክብደት ሲቀንስ፣ ኩላሊት ሲደክም፣ ዕድሜ ሲገፋ ያው መጠን መብዛቱ የተለመደ ነው።

አክስቴ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ አራት ከረሜላና በልጇ እጅ የተጻፈ ካርድ ይዛ ነው የምትወጣው። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «የስኳር ታማሚ ነኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ግራ ተጋብቼ ወይም ላብ አጥምቆኝ ካገኛችሁኝ ስኳር ስጡኝ። መዋጥ ካልቻልኩ ምንም አታጠጡኝ፤ በጎኔ አስተኝታችሁ ሆስፒታል አድርሱኝ።» ከታች የልጇ ስልክ አለ።